ሲስተርና ደላላው

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የተመለስኩት አባቴ ሲታመም ነው። ሥራዬ ሰርቨር መትከልና መንከባከብ ስለሆነ፣ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ የምሠራበት ድርጅት የት እንደተቀመጥኩ ግድ አልነበረውም። አባቴ ተሽሎት በረንዳ ላይ መቀመጥ ሲጀምር ግን ቀኑ ይረዝምብኝ ጀመር። አንድ ጠዋት የሰፈራችን መምህር መንገድ ላይ አገኘኝና፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ያለ አንድ የደም ለጋሾች ማኅበር ኮምፒውተሩ አስቸግሮታል፣ እስቲ ሄደህ እየው አለኝ።

ማኅበሩ የነበረው ከአንድ ጨርቅ ሻጭ ሱቅ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ በሚወጣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። በሩን የከፈቱልኝ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ከተማው በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረዋል። መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ቀጥሎ ቁርስ መብላቴን፤ ስለ ኮምፒውተሩ ያወራነው ከዚያ በኋላ ነው።

የማኅበሩ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ሆስፒታል ደም ሲያጥረው ያሳውቃል፤ ማኅበሩ ያ የደም ዓይነት ያላቸውን ለጋሾች ይጠራል። ሲስተር ይህንን ለዓመታት የሠሩት አንድ በአንድ ስልክ እየደወሉ ነው። ከእኔ በፊት የነበረ ባለሙያ የሆስፒታሉ ጥያቄ በኢንተርኔት ገብቶ ወደ ለጋሾቹ ስልክ በጽሑፍ መልእክት እንዲሄድ አድርጎላቸው፣ እሱ ሥራ አግኝቶ ከአገር ወጥቷል። አሁን ችግሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ገና ያልተላኩት መልእክቶች አብረው መጥፋታቸው ነበር። ሐረር ውስጥ ደግሞ መብራት መጥፋት ዜና አይደለም።

«ማነው የሚያጠፋው?» አሉኝ።

«ይኸውልዎት ሲስተር፣ በሆስፒታሉና በለጋሾቹ መካከል አንድ ፕሮግራም አለ። መልእክቱን ይቀበላል፣ ወረፋ አስይዞ ያቆየዋል፣ ከዚያ ለሚመለከተው ያደርሳል። በእኛ ሙያ ደላላ ነው የምንለው።»

«ደላላ?» መነጽራቸውን አጠለቁና አዩኝ። «ደም ላይ ደላላ ልታስገባብኝ ነው?»

«ኮሚሽን አይቀበልም።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚሉት።» ከዚያ ሳቅ አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ከደላላ ጋር ነው የኖርኩት። ባለቤቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ እዚሁ ጀጎል ውስጥ የቤት ደላላ ነበር። ዓመሉን አውቀዋለሁ፤ ግድ የለህም፣ ሥራህን ጀምር።»

ደላላው የሚሠራው ኮንቴይነር ውስጥ ነበር። ኮንቴይነር አንድ ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ታሽጎ የሚቀመጥበት የተለየ ክፍል ማለት ነው፤ ሲበላሽ ጥሎ በምትኩ አዲስ መፍጠር ይቻላል። የቀድሞው ባለሙያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር አሮጌው ኮንቴይነር ተጥሎ አዲስ እንዲፈጠር አድርጎ ነበር። መልእክቶቹም አብረው ይጣላሉ። መፍትሔው ግልጽ መሰለኝ። ደላላው የሚያስቀምጠው ነገር ሁሉ ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ በማሽኑ ዲስክ ላይ ባለ ፎልደር ውስጥ እንዲያርፍ አደረግኩና እንሞክረው አልኳቸው።

የሙከራ መልእክት እንዲጽፉ ላፕቶፔን ሰጠኋቸው። «ሙከራ» ብለው ይተዉታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሰው ዘንድ የሚሄድ ነገር ያለ ሰላምታ አይሆንም ብለው «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋላችሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ብለው ጻፉ። መልእክቱን ወደ ስልክ የሚልከውን የፕሮግራሙን ክፍል አስቁሜው ስለነበር መልእክቱ ወረፋው ላይ ቆየ። ሶኬቱን ነቀልኩት። መልሼ ሰክቼ ማሽኑ ሲነሣ ወረፋው ባዶ ነበር።

«ሰላምታዬን በላው» አሉ።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ከሰዓት በኋላ የድርጅቴን ሥራ እንደጨረስኩ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ፤ አንድ ነገር እቀይራለሁ፣ ሲስተር ሌላ ሰላምታ ይጽፋሉ፣ እነቅላለሁ፣ ይጠፋል። ስበሳጭ ሲያዩ ከታች ካለ ቁርስ ቤት ፈቲራ ያስመጡልኛል። ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ነግሬያቸው አላውቅም፤ በእነዚያ ቀናት ግን ፈቲራው ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ ይመጣ ነበር። የሰላት ሰዓት ሲደርስ እሳቸው ጥጉ ላይ ይሰግዳሉ፣ እኔም ኪቦርዱ እንዳይረብሻቸው እጄን ሰብስቤ በመስኮት የባጃጆቹን ግፊያ አያለሁ። መልሱ ቢዘገይብኝም ወደዚያ ክፍል መሄድ ደስ ይለኝ እንደነበር አሁን ሳስበው ይታወቀኛል።

አንድ ቀን ያንን የዲስክ ፎልደር ራሱን ከፍቼ አየሁት። ምንም አልጠፋም ነበር። በውስጡ ሌሎች ፎልደሮች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዳቸው ስም ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው። ያኔ ገባኝ። ይህ ደላላ ዕቃውን የሚያስቀምጠው በራሱ ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው። ስሙን ደግሞ ከኮንቴይነሩ ይወስዳል፤ ለኮንቴይነሩ ስም ያወጣለት ሰው ከሌለ፣ አዲስ በተፈጠረ ቁጥር ማሽኑ በዘፈቀደ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደላላው በአዲስ ስም ይነሣና፣ የራሱን አሮጌ ፎልደር የሌላ ነው ብሎ አልፎ፣ ባዶ ፎልደር ይከፍታል። የሲስተር ሰላምታዎች በሙሉ ዲስኩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ነገሩን ሳስረዳቸው አልከበዳቸውም።

«ታዲያ ስም አውጣለታ።»

«እርስዎ ያውጡለት።»

ይቀልዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ የባለቤታቸውን ስም ጠሩ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

«ሲስተር፣ ማሽን ላይ ሆኖ… ኋላ እንዳይከፋዎት።»

«ለምን ይከፋኛል? እሱ ፈረስ መጋላ ላይ ቆሞ የሰው መልእክት ሲያደርስ ነው የኖረው። ከሶፊ የመጣ ገበሬ ‘ለእገሌ እንዲህ በልልኝ’ ካለው፣ ሰውየውን ፈልጎ ሳያገኝ ለምሳ ቤት አይመጣም። ስንት ምሳ እንደቀዘቀዘብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አቦ፣ ጻፈው።»

ማዋቀሪያው ፋይል ላይ የጨመርኩት አንድ መስመር ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ አጻጻፉን ደጋግመው አሳረሙኝ። በዚህኛው ሙከራ ሶኬቱን የነቀሉት ራሳቸው ናቸው። ማሽኑ ተነሣ፤ ወረፋው ላይ መልእክታቸው እንዳለ ቁጭ ብሏል። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያም ረጅም ሰዓት ስለ ባለቤታቸው አጫወቱኝ። አካሄዱን፣ ቁጣውን፣ ልጅ ሲታመም እንዴት እንደሚርበተበት። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እሱ ከቀልድ ውጭ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያጉረመርም ቆይቶ መውረድ ሲጀምር ከሆስፒታል ጥያቄ ገባ። የወለደች እናት ደም እየፈሰሳት ነው፤ የደም ዓይነቷ ኦ ኔጋቲቭ። የሲስተር ፊት ሲለወጥ አየሁ፤ ይህ ደም በቀላሉ የማይገኝ መሆኑን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። መልእክቶቹ ወረፋ እንደያዙ፣ ገና ሳይላኩ መብራት ድርግም አለ።

ሲስተር ጊዜ አላጠፉም። ስልካቸውን አንሥተው መደወል ጀመሩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት አስተማሪ አገኙ፤ ሌሎቹ ስልካቸው አልሠራም። እኔ የደም ዓይነቴ ሌላ ስለሆነ በዚያ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ለምንም አልጠቅምም ነበር።

«ቁጭ በል፣ አትንጎራደድ» አሉኝ እየደወሉ። «አንተ ስትንጎራደድ ቁጥሩ ይጠፋኛል።»

መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ላይ ተደፋሁ። መነሣቱ በጣም የዘገየ መሰለኝ። ከዚያ ደላላው በስሙ ተነሣ፤ ወረፋው ላይ መልእክቶቹ በሙሉ ነበሩ። ላኪው ክፍል እያነሣ ሲልካቸው ቁጥሩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና አለቀ። «ሄደ፣ ሲስተር» አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ የሲስተር ስልክ ይጮኽ ጀመር።

ሁለታችንም በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሄድን። አስተማሪዋ ቀድመውን ደርሰዋል። አንድ የባጃጅ ሾፌር መንገደኛውን ይቅርታ ጠይቆ አውርዶ መጥቷል። ከሶፊ አንድ ገበሬ ጫት በጫነ መኪና ተሳፍሮ፣ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ደረሰ። እንዲህ ሆኜ አልገባም ብሎ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሲስተር እጁን ይዘው አስገቡት።

«መልእክቱን ያየሁት አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነው» አላቸው። «ስልኩን ልዘጋው ስል ደረሰኝ።»

ሴትየዋ ዳነች። ይህን የሰማነው ኮሪደሩ ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ነው። ሲስተር የረጠበ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደግሞ አለቅሳለሁ ብዬ ስላልጠበቅኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ሳይገልጡ መሐረብ አቀበሉኝ።

አሁንም ሐረር ነኝ። ድርጅቴ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ አዲስ አበባ ተመለስ ብሎኝ ነበር፤ አልተመለስኩም። ማኅበሩ ጋ ከሰዓት በኋላ ብቅ እላለሁ፤ መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋ ለማሽኑ ባትሪ ገጥመንለታል። ሲስተር መልእክቱ ከሄደ በኋላም ለጋሾቹን አንድ በአንድ ይደውሉላቸዋል፤ በሰላም ቤት መግባታቸውን ለመጠየቅ ነው። ይህንን ማሽኑ ሊያደርግልዎት ይችላል ስላቸው አልሰሙኝም።

ባለፈው አረፋ እኔንና አባቴን ቤታቸው ጠሩን። አባቴ ከታመመ ወዲህ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ከዘራውን ይዞ፣ ክንዴን ተደግፎ፣ የጀጎልን ጠባብ መንገድ ሽቅብ ወጣው። ከምሳ በኋላ እሱና ሲስተር በልጅነታቸው የሚገቡበት ሲኒማ ቤት መቼ እንደተዘጋ ክርክር ገጠሙ። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው፣ ሁለቱም ምስክር ይጠራሉ፣ ምስክሮቻቸው ግን አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። እኔ የቀረበልኝን ጣፋጭ ሐሎዋ እየበላሁ አዳምጣቸው ነበር። አባቴ እንደዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲከራከር ከሰማሁት ቆይቷል። ልንሄድ ስንነሣ ሲስተር እስከ ውጭው በር ሸኙን።

«ጋሼ፣ አልጨረስንም» አሉት። «ሌላ ቀን ይምጡ።»

«እመጣለሁ» አለ አባቴ። «ማስረጃ ይዤ ነው የምመጣው።»