በትንፋሽ የተባለ «አዎ»

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። መኪና ስነዳም፣ ዕቃ ሳጥብም ድቅን ይልብኛል፤ ልቤ እስካሁን አላረፈም።

ቤቴ በስደት አገር ቻምብሊ የሚባል ከተማ ነው። ኮንየርስ የሚባል ሌላ ከተማ ድረስ እየነዳሁ ኢንጋ የሚባሉ የኖርዌይ ተወላጅ አሮጊት እንድንከባከብ ተቀጠርኩ። ስትሮክ ስለመታቸው ቃል አይወጣቸውም። ሥራ በጀመርኩ በማግስቱ ልጃቸው ኤሪክ ስልኩን ይዞ ገባ። ምራቁን ልኮ ዘሩን ያስመረመረበት ውጤት መጥቶለታል። እናቴ ሳሚ ሳትሆን አትቀርም አለኝ። እኔ ሳሚ ሲባል የማውቀው የሳሙኤልን ቁልምጫ ነው፤ ሳሚ ደግሞ ማነው ብዬው አረፍኩ። ሳቀብኝ።

ሳሚዎች በሰሜን ኖርዌይ አጋዘን ሲያረቡ የኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው አለኝ። በቋንቋቸው ያወራ ልጅ ትምህርት ቤት ይቀጣ ስለነበር ብዙዎቹ ማንነታቸውን ደብቀው አርጅተዋል። ሐኪሞች እናቱ ብዙ ዕድሜ እንደሌላቸው ስለነገሩት፣ ሳያመልጡት ከራሳቸው መስማት ፈለገ።

እጃቸውን ይዞ «እማዬ፣ ሳሚ ነን?» አላቸው።

አሮጊቷ ዓይናቸውን አፍጥጠው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ኤሪክ ክው አለ። ትንፋሽ አጠራት ብሎ አምቡላንስ ለመጥራት 911 ኮል ሊያደርግ ተጣደፈ። እኔም አልጋቸው አጠገብ ያለውን ኦክስጅን ላነሳ ብድግ ብዬ ቀጥ አልኩ። እንዴ፣ እኛስ አገር ቤት አዎ ለማለት እንዲሁ ሳብ እናደርግ የለ? እኔ ራሴ የተውኩት እዚህ አገር አስም አለብሽ ወይ እያሉ ሲያሰለቹኝ ነው። ግን ብሳሳትስ? ሴትዮዋ እጄ ላይ ቢቀሩስ?

«ቆይ፣ አትደውል» አልኩት። ወደ እሳቸው ጎንበስ ብዬ ስምዎ ማሪያ ነው ወይ አልኳቸው። ዝም። ኢንጋ ነው ስላቸው ሳብ አደረጉ።

«አዎ እያሉህ ነው።»

ስልኩን አስቀምጦ ጥያቄውን ደገመ። እሳቸውም ደገሙለት። ያ ትልቅ ሰውዬ ደረታቸው ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ።

ሲረጋጋ «ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?» አላቸው።

ይሄ በአዎ የሚመለስ አይደለም። ኢንጋ ወደ እኔ ዞሩ፤ ንገሪልኝ የሚሉ መሰለኝ። ምን ልበል? ትራሳቸውን ማስተካከል ጀመርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። ኤሪክ አሁንም እየደወለ ያመሰግነኛል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ስልኩን ስዘጋ ግን ያ ንገሪልኝ የሚል አስተያየታቸው ይረብሸኛል፤ እኔ የገባኝ አዎታቸው ብቻ ነበር።