ከኖርዌይ የመጣው አስታራቂ

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ ሐበሻ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚደወለው ለእኔ ነበር። ዴንቨር አየር ማረፊያ ታክሲ እነዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ታክሲዬን አቁሜ ሽምግልና እቀመጣለሁ። ዘዴዬ አንድ ነው፤ ይበልጥ የተከፋውን ሰው "ለእኔ ስትል ተወው" ብዬ መለመን። ፀጉሬ ከሸበተ ወዲህ እምቢ ያለኝ አልነበረም።

የእኛ ሚሌኒየም በተከበረበት ዓመት አንድ ሰው ከኖርዌይ ጠቅልሎ መጣ። በአሥር ዓመት ያንሰኛል። እዚያ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር አሉ፤ "ፎርሊክ" የሚባል ነገርም ይዞ መጣ። ተከራካሪዎችም ሆኑ የፓርላማ ፓርቲዎች ተደራድረው፣ ሁለቱም ከያዙት ትንሽ ትንሽ ለቀው የሚፈራረሙት ስምምነት ነው። እኛ ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስንሠራ ኖርን? ሰዉ ግን ወረቀቱን ወደደው፤ የእኔ ስልክ ሥራ ፈታ።

ቀናሁ። ምን ልሸሽገው። ታክሲ ተራ ላይ ሳይቀር "ጉልበት ስሞ የማያውቅ ደረቅ ሰው" እያልኩ አማሁት።

በዚያው ሰሞን ከባለቤቴ ጋር ተኳረፍን። አንድ እሑድ ከሥራ ስገባ ሰውዬው ሳሎኔ ውስጥ፣ ያውም እኔ በማስታርቅበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የጠራችው እሷ ናት። የራሴን ጠብ ራሴ መሸምገል እንደማልችል አላጣሁትም፤ ግን ስንት እኩያዬ ሽማግሌ ሞልቶ እሱን?

ገና ወረቀቱን ሳያወጣ ወደ እሷ ዞርኩና በለመድኩት መንገድ ጀመርኩ። "ለእኔ ስትዪ ተይው" አልኳት።

"ሃያ ዓመት ለአንተ ስል ተውኩት" አለች። "አሁን ይጻፍልኝ።"

ወረቀቱ ሲወጣ፣ እሷ በበኩሏ ማኩረፏን ልትተው አስቀድማ ጽፋ ነበር። በምትኩ የምትፈልገው ቅዳሜን ነው፤ ቤት እንድውልላት። የሰው ትዳር ሳስታርቅ የዋልኩባቸውን ቅዳሜዎች አንድ በአንድ ታስታውሳለች። ሰውዬው እስክሪብቶውን አቀበለኝና በትሕትና "ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይለቃሉ?" አለኝ። እኔ በልቤ የምፈልገው እሱ ሁለተኛ የማንንም ደጅ እንዳይረግጥ ነበር። ይህ ደግሞ አይጻፍም። ቅዳሜን ጽፌ ፈረምኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ስልኬ ጠራ። ሊትልተን ያሉ ባልና ሚስት ተጣልተው፣ እኔን ካልሆነ ማንንም አንሰማም ብለዋል። ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ታየኛለች። የሰውዬውን ቁጥር ከእሷ ተቀብዬ ሰጠኋቸው።