ሃያ ሦስት ቁጥር መኪና

“ብዙ የነዳ ብዙ ይክፈል” ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆሜ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤታችን የእኔ ሥራ መንገድ በምን ገንዘብ ይጠገን የሚለውን ማጥናት ነው። ድሮ መልሱ ቀላል ነበር። ነዳጅ የቀዳ ሁሉ፣ ልብ አለውም አላለውም፣ ለመንገዱም አብሮ ይከፍላል። አሁን ግን ከመስኮታችን ሥር ድምፃቸውን ሳያሰሙ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ማደያ ደጅ አይደርሱም፤ አስፋልቱን ግን እንደማንኛውም መኪና ይረግጡታል። እንግዲህ በዓመት ቦሎ ሲያሳድሱ የሄዱት ኪሎሜትር ይነበብና በዚያው ልክ ይክፈሉ አልኩ።

ለሙከራው ፈቃደኛ ባለመኪና ስንፈልግ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ ለመንኩ፤ አባቴንም ጭምር። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እዚሁ ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ለልማት ሲነሣ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ እኔና ወንድሞቼም ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛንለት። ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ትበቃዋለች ብለን ነው። ሰዎቹ በየወሩ የኪሎሜትራቸውን ፎቶ ለባልደረባዬ ይልካሉ፤ እሷ ደግሞ እንዳላዳላ ስማቸውን አውጥታ ቁጥር ሰጥታ ታመጣልኛለች።

የመጀመሪያው ወር ዝርዝር ሲመጣ ሃያ ሦስት ቁጥር ላይ ስደርስ ክው አልኩ። ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ሄዷል።

“ይሄ ሰው በየቀኑ ጅማ ደርሶ ይመለሳል እንዴ?” አልኳት።

“ኧረ ታክሲ ነው! ማለቴ፣ በድብቅ እየሠራባት ነው። ሼም የለውም በቃ” አለች ባልደረባዬ።

አመንኳት። ማመን ብቻ ሳይሆን ስብሰባ ላይ ይዤው ቀረብኩ። “መንገዱን በነፃ የሚበላው እንዲህ ያለው ነው” ስል አለቃዬ ሳይቀር ሳቀ። ደውይና አጣሪ ተባልኩ። ባልደረባዬ የሰውዬውን ስልክ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፤ ቁጥሩን ነክቼ ስጨርስ ስልኬ ላይ “አባዬ” የሚል ስም ብቅ አለ።

ስንት ጊዜ የደወልኩለትን ቁጥር በወረቀት ላይ ሳየው አላወቅኩትም!

ወሎ ሰፈር ነኝ አለኝ። ታክሲ ይዤ ደረስኩ። መኪናዋ ከመንገዱ ዳር ቆማለች፤ ከኋላ ወንበር ላይ የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን ለለቅሶ ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሥራ እስክትመጣ የምቆየው እሳቸው ቤት ነበር። ጉንጬን ስመው፣ “አባትሽ ባይኖር እኮ ተረስተን ነበር” አሉኝ።

ለካስ አባቴ የድሮው ሰፈር እድር ዳኛ እንደሆነ ቀርቷል። ሰፈሩ ሲነሣ አንዱ ጎተራ፣ ሌላው የከተማው ጫፍ ደርሶታል፤ ሰው በሞተ ቁጥር አባቴ አቅመ ደካሞቹን ከያሉበት ለቅሞ ቀብር ያደርሳል፣ ሠልስት ያደርሳል፣ መልሶ ቤታቸው ያስገባል።

ከመኪናዋ ራቅ አድርጌ ወሰድኩትና ስለ ጥናቴ ነገርኩት። ተማሪ እንደሚያዳምጥ ሆኖ ሰማኝ።

“ብዙ የነዳ ብዙ ይክፈል ነው የምትይው?”

“አዎ አባዬ።”

“እሺ፣ እድር ላይ ብዙ የሞተበት ሰው ብዙ ይከፍላል?”

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን የስብሰባው ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ እፍረቴን እሱ ላይ ተወጣሁት። “ሰው ፊት ታክሲ ነው ብዬሃለሁ! አባቷ ነው ቢሉ ምን ይውጠኛል? እባክህ አባዬ፣ አታዋርደኝ። ይቅርብህ።”

የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ለተማሪዎቹ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

“እሺ ልጄ” አለና እትዬን ሊያደርስ ሄደ። እሺ ካለ እሺ ነው፤ አባቴ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ያን ዕለት ይሄ አላስፈራኝም፤ እንዲያውም ቀለለኝ።

በሁለተኛው ወር ባልደረባዬ ዝርዝሩን እያውለበለበች መጣች። “ሃያ ሦስት ቁጥር ገባው! እይልኝ፣ ከሁሉ ያነሰ እሱ ነው። ሰው ሲነኩት ይስተካከላል ማለት ነው፤ ሪፖርቱ ላይ እናስገባዋ!”

ቁጥሩን አየሁት። መኪናዋ ከቆመችበት የተንቀሳቀሰች አትመስልም። ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩ።

“አባዬ፣ መኪናዋ ተበላሸች?”

“ኧረ ደህና ናት። አቆምኳት እንጂ።”

“እድሩስ?”

“እትዬ አረፉ፤ ባለፈው ሳምንት” አለኝ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነው።”

“ቀብሩ ላይስ … ሰው ነበረ?”

“እኔ በአውቶቡስ ደረስኩ። ሌሎቹን የሚያመጣቸው አልነበረም። ሦስት ነበርን” አለ አባቴ። “ሳጥኑን የሚሸከምልን ሰው ከመንገድ ለመንን።”