ደዋዩ ኦሌጋሪዮና የባሲሊሳ ደወል
በሌዮን ተራሮች ለምንኖር ሰዎች ቶካር የምትል አንዲት ግስ ትበቃናለች። ስንነካ ቶካር፣ በር ስናንኳኳ ቶካር፣ አኮርዲዮን ስንጫወት፣ ሎተሪ ሲወጣልን፣ ከብት የማገድ ተራ ሲደርሰን፣ ደወል ስንደውል ያችው ቶካር ናት። ሌላ ቃል መፈለግ የሚታክተን ይመስለኛል።

ኦሌጋሪዮ ዕድሜውን የፈጀው በደወሉ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ደዋይ ነበር። በእኛ አገር ሴት ስትሞት ሁለት ጊዜ፣ ወንድ ሲሞት ሦስት ጊዜ ይደወላል። ማሳ ላይ ያለ ሰው የሞተው ማን እንደሆነ ከዚያ ይገምታል። ሚስቱ ባሲሊሳ ሳንባዋን ታማ ከተኛች ወዲህ፣ የሞቷን ደወል ከእሱ በቀር ማንም እንዳይደውለው አስምላው ነበር።

ችግሩ፣ ደወሉ ጆሮውን ደፍኖት ነበር። ለጊዜው ደበቀው። ካህኑ ከኋላው ሲጠሩት ዝም ማለቱ ሲደጋገም ግን የመንደሩ ሹም ዴሜትሪዮ የደወሉን ማማ ቁልፍ ወሰደበት። ኦሌጋሪዮ ደወሉን በመዳፉ እየነካ ንዝረቱን እንደሚያውቅ ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም።

«ይረፉ እንጂ አጎት ኦሌጋሪዮ» አለው ዴሜትሪዮ ጆሮው ላይ እየጮኸ። «አሁን ተራው የሌላ ሰው ነው።»

ድንች በሚወጣበት ሰሞን ባሲሊሳ አረፈች። ካህኑ ለዴሜትሪዮ ነገሩት፤ እሱም ማማው ላይ ወጣ። ደንግጦ ይሁን ልምድ አጥቶ እንጃ፣ ሦስት ጊዜ ደወለ።

ድንች የሚያወጡት ሴቶች ኦሌጋሪዮ ሚስቱን ሲያስታምም ቀድሟት ሞተ ብለው ጥቁር ሻሻቸውን አስረው እያለቀሱ መጡ። ሟቹ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ከሴቶቹ ፊት ፊት የመጣችው ኤውዶሲያ አማተበች።

«እርስዎ አልሞቱም እንዴ አጎት?»

ከንፈሯን አይቶ ገባው። ስንት ጊዜ እንደተደወለ ጠየቃት፤ ሦስት ጣቶቿን አሳየችው። እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣውም ነበር፤ አሁን ወጣው። ተነሥቶ ዴሜትሪዮ ዘንድ ሄደና እጁን ዘረጋ።

«ባሲሊሳ ሴት ነበረች። ቁልፉን ስጠኝ።»

ዴሜትሪዮ አፍሮ፣ ቀና ብሎ ሳያየው ቁልፉን ሰጠው።

ኦሌጋሪዮ ቀስ እያለ ማማው ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ ደወለ። መዳፉን ነሐሱ ላይ አሳርፎ ንዝረቱ እስኪያልቅ ጠበቀና ሁለተኛውን ደወለ። እሱ ራሱ ምንም አልሰማም። ሴቶቹ ግን እዚያው ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ሦስተኛውን ጠበቁ፤ ሲቀር ጊዜ ልቅሶውን እንደ አዲስ ጀመሩት፣ በባሲሊሳ ስም።