የረቡዕ ሽሮ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ግማሹን ብቻ ነው፤ ግማሽ ኑዛዜ ደግሞ ከውሸት በምን ይሻላል? እናንተ ሙሉውን ስሙኝ።

በንጉሡ ዘመን ከሸዋ ተመድቤ አሰበ ተፈሪ አስተምር ነበር። ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አራት ልጆች አሉን፤ አማቴም የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነበር። ሁሉም ይበላል፤ ምን እንደሚበላ የማስበው ግን እኔ ብቻ። «ዛሬ ወጡ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ጥርሴን አፋጭ ነበር። እናም ዘዴ ፈጠርኩ። የሳምንቱን ወጥ በወረቀት ጽፌ የማድቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ። እሁድ እሁድ የሳምንቱን ቁሌት ባንዴ አቁላላለሁ፤ የፍስኩን በቅቤ በአንድ ድስት፣ የጾሙን በዘይት በሌላው። ጠዋት ጨለፍ አድርጎ ሽሮ ወይም ምስር መጨመር ብቻ ነው የሚቀረው። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ኮራሁ።

ሠራተኛችን ፋጡማ የቦኬ ገጠር ልጅ ነበረች። ወረቀቱን ማንበብ አትችልም፤ እስላም ናት። ግን ረቡዕንና ዓርብን ከእኔ ይልቅ የምትጠብቅልን እሷ ነበረች። የጾሙ ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራ፣ ጭልፋው እንኳ ከፍስኩ እንዳይነካካ ትጠነቀቅ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ፋጡማ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች፤ አማቴ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የጾሙን ድስት ብከፍተው ባዶ ነው። እሁድ ሽንኩርት አልቆብኝ «ማክሰኞ አቁላላዋለሁ» ብዬ ረስቼው ኖሯል። የትምህርት ቤቱ ደወል ሊደወል ነው። ተናደድኩ፤ በሽንኩርቱ፣ በወረቀቱ፣ በሚበላው ሁሉ ተናደድኩ። ከፍስኩ ጨለፍኩ። አውቄ ጨለፍኩ። ትንሽ ቅቤ ማን ያውቃል አልኩ። ፋጡማ እንስራዋን ተሸክማ ስትገባ ሽሮው ይንተከተክ ነበር፤ «አንቺ አቅርቢው» ብያት ሮጥኩ።

ለምሳ ስንገናኝ ልጆቹ ሳህኑን ላሱት። ባሌም «የዛሬው ሽሮ ይጣፍጣል» ብሎ እጁን ታጠበ። አማቴ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ገና አልቀመሱም። ያኔ መናገር እችል ነበር። ለምን አልተናገርኩም? ሌላ ወጥ ልሠራ ነዋ። ሰነፍኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አማቴ መሶቡን ገፍተው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ቅቤ እንዳለበት የነቁት ሁለት ጉርሻ ከዋጡ በኋላ ነው። ባሌ ማን እንደ ሠራው ጠየቀ፤ እኔ ቀድሜ፣ «ፋጡማ ናታ፤ የእኛ ጾም ምኗ ነው?» አልኩ።

ፋጡማ አየችኝ። አልጮኸችም፤ አልማለችም።

«እትዬ፣ እኔ ድስት አልስትም» አለች። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ ተሰናበተች። ክርስቲያኖቹን በጾም ቀን ቅቤ ታበላለች የሚለው ወሬ በየቤቱ ቀድሟት፣ በከተማው የሚቀጥራት ጠፋ። አማቴም ስግደት ታዘዘባቸው፤ በሚያማቸው ጉልበት የእኔን ኃጢአት ሰገዱ። እኔስ? እኔማ እሁድ ሲመጣ ቁሌቴን አቁላላሁ። ቀዩ ጨርቅ ድስቱ ጆሮ ላይ እንደታሰረ ነበር።

ከዓመት በኋላ ለንስሐ አባቴ ቅቤውን ነገርኳቸው። ጾም አዘዙኝ፤ ጾምኩ፤ ተፈታሁ። የፋጡማን ስም ግን ዘለልኩት። አንድ የገበያ ቀን አጠገባችን ባለችው የበደሳ ከተማ መሬት ተቀምጣ ሽንኩርት ስትሸጥ አየኋት። አይታኛለች። ሻሼን ወደ ፊቴ ስቤ በሌላ በኩል አለፍኩ።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር? በዝቶብኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር? በጣም። ሥራ የበዛባት ሴት ሁሉ ግን አልዋሸችም። የፋጡማን ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለምና። ያን ቀን በባሌና በአማቴ ፊት ልለው የሚገባኝን ብቻ ልበል፦ ሽሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ።