ከአሮጌ ሱሪዬ የተሰፋው ማንጠልጠያ

ሥራዬ አረጋውያንን ከሜፕልዉድ አፓርታማዎች በመኪና እየለቀምኩ ፍሮግታውን ሰፈር ወዳለ የአዛውንቶች የቀን መዋያ ማድረስ ነው። ጣታቸው የደረቀ እናቶች የመኪናውን ቀበቶ መሳብ ያቅታቸዋል። እኔ በላያቸው እየተንጠራራሁ ስስብላቸው ወገቤ ተቆረጠ፤ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ አማረርኩ። ቅዳሜ ዕለት መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶውን ለካች፤ ከአሮጌ ጂንስ ሱሪዬ ቆርጣም ክንድ የሚያስገባ ሰፊ ማንጠልጠያ ሰፋችበት። ሰኞ እናቶቹ ክንዳቸውን አስገብተው ራሳቸው ሳብ! ለእኔ የቀረልኝ መቆለፍ ብቻ ነበር።

አለቃዬ አይታ "ማን ሠራው?" ስትለኝ አፌ ቀደመኝ። "እኔ" አልኳት። እኔ! የሸሚዝ ቁልፍ መትከል የማልችለው ሰውዬ! በሳምንቱ ፎቶዬ ያለበት የምስጋና ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ለባለቤቴ "ወደዱት" ብቻ ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ልጃችን የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ይዛ መጣች፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አዲስ ነገር ስለፈለሰፉ ሴቶች። ወጥ ቤት ቆማ ግማሹን በእንግሊዝኛ ታነብልናለች። ልብስ ማጠቡ፣ ምድጃ መጥረጉ ያሰለቻቸው ሴቶች ድካም የሚያቀል ዕቃ ይፈጥራሉ፤ አንዳንዱ ግን የሚመዘገበው በባል ስም ነበር አለች።

"ዳድ፣ ባሎቹ አያፍሩም ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ!" ብዬ ጮህኩባት። ባለቤቴ ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች።

ያን ቀን ራሴን ጠላሁት። በማግስቱ መኪናውን ሳላስነሳ ወደ እናቶቹ ዞርኩ። "ማንጠልጠያውን የሠራችው ባለቤቴ ናት። ዋሽቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ማንም አልደነገጠም። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ኤርትራዊት እናት ሳቁብኝ። "አንተ ደግሞ! ይህን የመሰለ ስፌት የአንተ ነው ብለን ልናምን? ቤተ ክርስቲያን አግኝተን ጠይቀናታል እኮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"እሷ ናታ! 'ደስ ብሎት ሰንብቷል፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍሩብኝ' ብላ ለመነችን።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! መዋያው እንደደረስን ወረቀቱን ከግድግዳ አውርጄ ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኳት። ብዙም አልተቆጣችኝም። "በል የእሷን ፎቶ ስጠኝና አዲስ እናውጣ" አለችኝ።

ስልኬን ከፍቼ በረበርኩ። የልጄ ሞልቷል፣ የመኪናዬ ሞልቷል፣ የእኔማ አይጠየቅ። ባለቤቴን ብቻዋን ያነሳኋት አንድም ፎቶ አጣሁ።