እናቴ የመረገችው ክምር

በአባቴ መቃብር ራስጌ የነበረው ጽድ በደረቀበት ዓመት፣ እናቴ ከመካነ ብርሃን ተነስታ ጎንደር ከተማ እኔ ቤት ስትመጣ የዛፉን ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር። «እዚሁ አብቅለህ ትሰጠኛለህ፤ ወስጄ ራስጌው እተክልለታለሁ። እሱን ፀሐይ ላይ ጥዬ ሰው ቤት መቀመጥ አልችልም» አለችኝ። የልጇን ቤት ሰው ቤት ማለቷ ቅር አሰኝቶኛል፤ ግን ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም።

የግቢያችን አፈር ዋልካ ነው። ሲረጥብ ጫማ ያወልቃል፣ ሲደርቅ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ስለዚህ እንደ ሰፈሬ ሰው ሁሉ አንድ ጆንያ የጫካ አፈር አስመጣሁ። እናቴ ዘገን አድርጋ አሸተተችው። ውስጡ የተቆረጠ የወይራ ሥር አገኘች።

«ምነው ልጄ፣ የሌላውን ዛፍ እግር አራቁታችሁ ነው የኔን የምታበቅሉት? አፈር ስሆን መልሰው።»

የመጣበትን ማን ያውቃል? አፈሩን ጓሯችን ካለው ወይራ ሥር ደፋሁትና ሌላ መላ መፈለግ ጀመርን። ቅጠልና እበት ከተብላላ አፈር ይሆናል ስላት ሳቀችብኝ። በእሷ አገር እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል እንጂ አፈር አይሆንም፤ አፈር የእግዜር ሥራ ነው። ሥራ ግን አትጠላም። የጤፍ ጭድ፣ የጎረቤት ላም እበት፣ የምድጃ አመድ፣ የቅጠል ጥራጊ፣ ጎረቤት ከደገሰው የማኅበር ጠላ የተረፈውን አተላ አንድ ላይ ከመርን። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ክምሩ ከላይ እስከ ታች በጭቃ ተመርጎ ጠበቀኝ።

«ይብላላ እንጂ! ጠላ ሳይመረግ ይደርሳል?» አለችኝ ኮራ ብላ።

በመብላላት ነገር እናቴ ላይ ማን ይናገራል? እኔም አመንኩ። ከሳምንታት በኋላ ምርጊቱን ስናነሳ የወጣው ግማት ጎረቤቱን ሁሉ በር አስዘጋ። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «እንዲህ ያለ ጠላ ጠምቄ አላውቅም» አለች። ሳቅንበት። ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፍሬው እጇ ላይ ሊያረጅ፣ የአባቴ ራስጌም ራቁቱን ሊከርም ነው።

ጭቃውን ጥለን፣ ደረቅ ጭድ ጨምረን፣ በመንሽ እያገላበጥን አየር አስገባንለት። አንድ ብርዳም ጠዋት ከክምሩ አናት እንፋሎት ሲወጣ አየሁ። እጄን ከተትኩና ቶሎ መለስኩት፤ ይፋጃል። እሳት የለኮሰ የለም። ሰው አበቃለት ብሎ የጣለው ጭድና አተላ በራሱ ጊዜ ይሞቃል፣ ይሠራል። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ለምን እንደሚሞቅ አስረዳ ብትሉኝ አስረዳለሁ። እዚያ ቆሜ ግን እጄን ደግሜ ከተትኩ። እናቴ አማተበች።

«ሕይወት አለው» አለች፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደገባ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ክረምቱ ሲወጣ ክምሩ ጠቁሮ፣ እጅ ላይ የሚፈረፈር፣ ዝናብ የነካው ምድር የሚሸት አፈር ሆነ። ፍሬውን ዘራን። ጽድ ቶሎ አይበቅልም፤ እናቴ በየጠዋቱ እየሄደች ታጎነብሳለች። እኔ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ አንድ ቀን ጮኻ ጠራችኝ። ከመርፌ የማይወፍሩ ለጋ ቡቃያዎች አፈሩን ገፍተው ቆመዋል። ሁለታችንም ተንበርክከን አየናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ተደንቄ አላውቅም።

«ሸጋ ነው! ሲጠነክሩ ሁለቱን ትለይልኛለህ» አለች።

«ለአባዬ አንድ አይበቃውም?»

«አንዱ ለሱ ነው። ሌላው ለኔ፣ ከጎኑ ስተኛ። እስክመጣ ድረስ እዚያው ይደግ።»

የገበያ ወሬ እንደምታወራ ነው የተናገረችው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ከክምሩ እየዘገነች ሁለተኛውን የችግኝ ፕላስቲክ መሙላት ጀምራ ነበር።